ፍርዱ ቀበሌ ሲደርስ፦ የምርጫ መብት ውሳኔዎችና የወለጋ ከተሞች አስተዳደር

በኢትዮጵያ ስለ መምረጥና መመረጥ መብት የሚሰጡ ዋና ዋና ውሳኔዎች የሚጻፉት አዲስ አበባ ነው። ውሳኔዎቹ ነፍስ የሚዘሩት ወይም የሚሞቱት ግን በነቀምቴ፣ በጊምቢ፣ በደምቢ ዶሎና በሻምቡ የቀበሌ ጽሕፈት ቤቶች ነው። የነዋሪነት መታወቂያ የሚሰጠው፣ ለምርጫ ጣቢያ አዳራሽ የሚፈቅደው፣ የፓርቲን የስብሰባ ማሳወቂያ የሚቀበለው ወይም የሚመልሰው፣ የእጩ ፖስተር ሲገነጠል የሚጠይቀው ወይም ዝም የሚለው የከተማው አስተዳደር ነው። ስለሆነም የምርጫ መብትን የሚያጠና ሰው ፍርድ ቤቱ ምን እንደ ወሰነ መርምሮ ማቆም የለበትም፤ ውሳኔው ከተማ ከደረሰ በኋላ ምን እንደ ሆነም መጠየቅ ይኖርበታል።

ይህ ጽሑፍ የሚያቀርበው መከራከሪያ አጭር ነው። የወለጋ ከተሞች አስተዳደሮች ለምርጫ መብት ውሳኔዎች የሚሰጡት የተለመደ ምላሽ ዝምታ ነው። ለዚህም ሁለት ምክንያቶች አሉ። አንደኛው፣ ሕጉ የክርክሩ ተካፋይ ያልነበረ የከተማ መሥሪያ ቤት ለውሳኔው መልስ እንዲሰጥ በግልጽ አያስገድደውም። ሁለተኛው፣ የከተማ ምክር ቤቶቹ ራሳቸው ከመራጩ ፊት ከቀረቡ ከ10 ዓመት በላይ አልፏል። ሁለቱም ምክንያቶች ሊታረሙ የሚችሉ ናቸው።

ከአሶሳ የተነሣው ክርክር

ለወለጋ በቦታም በታሪክም የሚቀርበው የምርጫ መብት ውሳኔ ከቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል የመነጨው ነው። የክልሉ ዋና ከተማ አሶሳ ቀድሞ በወለጋ ክፍለ ሀገር ሥር ነበረች፤ ዛሬም የካማሺ ዞን ገበያና መንገድ ከምሥራቅና ከምዕራብ ወለጋ ከተሞች ጋር የተሳሰረ ነው። በ1992 ዓ.ም. ምርጫ ወቅት በክልሉ የሚኖሩ፣ ነገር ግን ከበርታ፣ ከጉሙዝ፣ ከሺናሻ፣ ከማኦና ከኮሞ ብሔረሰቦች ያልሆኑ ሰዎች ለመወዳደር ቀርበው የአካባቢውን ቋንቋ አያውቁም በሚል ተከለከሉ። መሠረቱ የምርጫ አዋጅ ቁጥር 111/1987 አንቀጽ 38 ነበር። አንቀጹ እጩው የክልሉን ወይም የሚወዳደርበትን አካባቢ ቋንቋ እንዲያውቅ ያዝዝ ነበር።

አቤቱታው ለሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባዔ ቀረበ፤ ጉባዔውም ድንጋጌው ከሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 38 ጋር ይጋጫል የሚል አስተያየት ሰጠ። የመጨረሻ ሥልጣን ያለው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ግን በመጋቢት 1995 ዓ.ም. ሌላ መንገድ ያዘ። የቋንቋ መስፈርቱ በራሱ ሕገ መንግሥቱን አይጥስም፤ ስሕተቱ የአፈጻጸም ነው አለ። የክልሉ የሥራ ቋንቋ አማርኛ እስከሆነ ድረስ አማርኛ የሚያውቅ ነዋሪ የየብሔረሰቡን ቋንቋ ባለማወቁ ከእጩነት ሊታገድ አይገባውም ሲል ወሰነ።

ከዚህ ውሳኔ ሁለት ነገሮች ይወሰዳሉ። የመጀመሪያው የጊዜ ጉዳይ ነው። ውሳኔው ሲወጣ ምርጫው ከተካሄደ ሦስት ዓመት ሊሞላው ተቃርቦ ነበር። አቤት ባዮቹ በቃል ረቱ፤ ያመለጣቸው ምርጫ ግን አልተመለሰላቸውም። «ያለ ፍርድ ከሄደች ጭብጦዬ በፍርድ የሄደች በቅሎዬ» የሚለው አባባል አገሬው ለፍርድ ያለውን ክብር ያሳያል፤ ባለጉዳዩ ረትቶም በቅሎዋን ካላገኘ ግን ክብሩ እየተሸረሸረ ይሄዳል።

ሁለተኛው የውሳኔው ስፋት ነው። በአዋጅ ቁጥር 251/1993 መሠረት ምክር ቤቱ በሕገ መንግሥት ትርጉም ላይ የሚሰጠው የመጨረሻ ውሳኔ ወደፊት በሚነሡ ተመሳሳይ ጉዳዮች ላይም ተፈጻሚ ይሆናል። ይህ ማለት ለአሶሳ የተሰጠው ፍርድ ለነቀምቴም ይናገራል። የኦሮሚያ የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ነው። ስለዚህ አፋን ኦሮሞን የሚያውቅ የነቀምቴ ተወላጅ ወላጆቹ ከጎጃም ይምጡ ከጉራጌ፣ የቋንቋ መስፈርቱ በሩን ሊዘጋበት አይችልም። በዚያው ልክ አማርኛ የሚያውቅ የካማሺ ኦሮሞ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ለመወዳደር መብት አለው። በውሳኔው አመክንዮ መስፈርቱ የዘር ሐረግን አይመለከትም፤ ነዋሪው ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ጋር የሚግባባበትን ቋንቋ ብቻ ይመለከታል። ይህን ያህል ክብደት ያለው ውሳኔ በወለጋ ከተሞች የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ፣ ነዋሪው በሚያነብበው ቋንቋ ሊለጠፍ የተገባ ነበር።

የታዘዘው አካልና ያልታዘዘው አካል

ውሳኔ በስም የታዘዘውን አካል ማንቀሳቀስ እንደሚችል የቅርብ ጊዜ ታሪክ ያስረዳል። በ1997 ዓ.ም. ምርጫ ቦርድ የአገር ውስጥ ድርጅቶች ምርጫ እንዳይታዘቡ የጣለውን ገደብ ፍርድ ቤት ሻረው፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም አጸናው። ሆኖም ውሳኔው የጸናው ግንቦት 7 ሊደርስ ቀናት ሲቀሩ ስለነበረ ታዛቢዎችን ወደ ሩቅ ከተሞች ለማሰማራት የሚበቃ ጊዜ አልነበረም።

በ2013 ዓ.ም. ደግሞ ሁለት ውሳኔዎች ተከታትለው መጡ። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት በእስር ላይ የነበሩት የባልደራስ ፓርቲ እጩዎች እንዲመዘገቡ ወሰነ። ቦርዱ በመጀመሪያ የድምፅ መስጫ ወረቀት መታተሙን በምክንያትነት አቀረበ፤ በኋላ ግን እጩዎቹን መዘገበ። ከሐረሪ ክልል ውጭ የሚኖሩ ሐረሪዎች ለሐረሪ ብሔራዊ ጉባዔ ድምፅ ይስጡ ወይስ አይስጡ በሚለው ክርክርም የክልሉ ምክር ቤት ረታ፤ የሐረሪ ምርጫም መስከረም 20 ቀን 2014 ዓ.ም. ተካሄደ። በሁለቱም ጉዳዮች ተከሳሹ አንድ የታወቀ ተቋም ነበር፤ ሊቀመንበር፣ ጠበቃና በጋዜጠኛ ፊት የሚጠየቅ ቃል አቀባይ ነበረው።

የከተማ አስተዳደር አቋም ከዚህ ይለያል። በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ፍርድ የሚፈጸመው የፍርድ ባለመብቱ የአፈጻጸም መዝገብ ሲያስከፍትና የፍርድ ባለዕዳው ሲታዘዝ ነው። የሰበር ሰሚ ችሎት የሕግ ትርጉምም ከአዋጅ ቁጥር 454/1997 ጀምሮ በየደረጃው ያሉ ፍርድ ቤቶችን ያስገድዳል፤ ስለ ከንቲባ ጽሕፈት ቤት ግን የሚለው የለም። በዚህ ክፍተት ውስጥ አንድ የቀበሌ ሊቀመንበር «እኔ አልተከሰስኩም፤ ደብዳቤም አልደረሰኝም» ቢል መልሱ በሥነ ሥርዓት ሕጉ ዓይን ያስኬዳል። በሕገ መንግሥቱ ዓይን ግን አያስኬድም። አንቀጽ 13 ንዑስ አንቀጽ 1 በማንኛውም ደረጃ የሚገኙ የፌዴራልና የክልል ሕግ አውጪ፣ ሕግ አስፈጻሚና የዳኝነት አካላት የመሠረታዊ መብቶችን ምዕራፍ የማክበርና የማስከበር ኃላፊነት እንዳለባቸው ይደነግጋል። ቀበሌም ከተማም ከዚህ ውጭ አይደሉም።

በስም የታዘዘ የአካባቢ አካልም ሳይፈጽም ሊቀር መቻሉ የታየበት ጉዳይ አለ። በ2012 ዓ.ም. የታሰሩት የኦሮሞ ነጻነት ግንባር አመራሮች ፍርድ ቤት እንዲለቀቁ ካዘዘ በኋላም በቡራዩ በፖሊስ እጅ ቆይተዋል፤ የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽንም እንዲለቀቁ በይፋ ጠይቋል። የተፈቱት በ2016 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። ክርክሩ በወረቀት ላይ ስለ አካል ነጻነት ነበር። ይሁንና የፓርቲ አመራር በእስር ላይ እያለ በምርጫ መወዳደር ስለማይቻለው፣ የእስር ትእዛዝ አለመከበሩ የመመረጥን መብት መንካቱ አይቀርም። በ2013 ዓ.ም. የኦሮሞ ነጻነት ግንባርና የኦሮሞ ፌዴራሊስት ኮንግረስ ከምርጫው ሲወጡ ከሰጧቸው ምክንያቶች መካከል የአባላት መታሰርና የጽሕፈት ቤቶች መዘጋት ይገኙበታል። የወለጋ መራጭ በዚያ ዓመት በድምፅ መስጫ ወረቀቱ ላይ ያገኘው አማራጭ የጠበበው በዚህ ሁኔታ ነው። በምሥራቅ ወለጋ፣ በምዕራብ ወለጋና በሆሮ ጉዱሩ ወለጋ ባሉ ጥቂት የምርጫ ክልሎች ደግሞ በጸጥታ ምክንያት ድምፅ መስጠትም አልተቻለም።

መሸኛ የሌለው መራጭ

ነቀምቴ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ 330 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኝ የምሥራቅ ወለጋ ዋና ከተማ ናት። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ ከ75 ሺ በላይ ነዋሪዎች ነበሯት፤ ከዚያ ወዲህ አገር አቀፍ ቆጠራ አልተካሄደም። ከተማዋ ግን በተፈናቃይም አድጋለች። በ2011 ዓ.ም. መጀመሪያ ከካማሺ ዞን የተፈናቀሉ በብዙ አሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ወደ ምሥራቅና ወደ ምዕራብ ወለጋ ገቡ። በኋላም በኪረሙና በጊዳ አያና ወረዳዎች በደረሰው ግጭት ኦሮሞውም አማራውም ቀዬውን ለቅቆ ተሰደደ።

የምርጫ ሕጉ መራጩ በምርጫ ክልሉ ቢያንስ ስድስት ወር እንዲኖር ይጠይቃል፤ ለተፈናቃዮች ልዩ የምርጫ ጣቢያ የሚቋቋምበትንም መንገድ ይከፍታል። ለመመዝገብ ማስረጃ ያስፈልጋል፤ ቀላሉ ማስረጃ የቀበሌ መታወቂያ ነው። አዲስ ቀበሌ መታወቂያ ለመስጠት በልማድ የሚጠይቀው ደግሞ ከቀድሞው ቀበሌ የተጻፈ መሸኛ ነው። ቤቱ የተቃጠለበት ሰው መሸኛውን ከየት ያመጣል? የቀድሞው ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ተዘግቶ፣ ማኅተሙ ጠፍቶ፣ ሊቀመንበሩም ራሱ ተፈናቅሎ ሊሆን ይችላል። በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 የተቋቋመው ዲጂታል መታወቂያ ፋይዳም የሰውየውን ማንነት እንጂ የት ቀበሌ ስንት ጊዜ እንደኖረ አያረጋግጥም።

ስለዚህ በዚህ ከተማ የምርጫ መብት ትልቁ ፈተና የሚገኘው በመዝገብ ቤት መስኮት ላይ ነው። ሠራተኛዋ መሸኛ ስትጠይቅ ሕግ አልጣሰችም፤ የተሰጣትን አሠራር ተከተለች። ተፈናቃዩም መሸኛ ማጣቱ ጥፋት አይደለም። ከሁለቱ አንዱን የሚያሸንፍ መመሪያ ካልወጣ የሚሸነፈው መብቱ ነው። እዚህ ላይ የከተማ አስተዳደር ምላሽ ማለት ትልቅ የፖለቲካ ድፍረት አይጠይቅም። መሸኛ ማምጣት የማይችል ሰው በሽማግሌዎችና በጎረቤቶች ምስክርነት ጊዜያዊ የነዋሪነት ማረጋገጫ ያግኝ የሚል አንድ ገጽ ደብዳቤ ይበቃል።

ራሱ ያልተመረጠ አስተዳደር

የመጨረሻው አገር አቀፍ የአካባቢ ምርጫ የተካሄደው በሚያዝያ 2005 ዓ.ም. ነው፤ ያኔም 33 ፓርቲዎች ራሳቸውን አግልለው ነበር። የአምስት ዓመቱ ዘመን ሲያበቃ በ2010 ዓ.ም. መካሄድ የነበረበት ምርጫ በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ውሳኔ ተራዘመ። የአዲስ አበባና የድሬዳዋ ምክር ቤቶች በሰኔ 2013 ዓ.ም. ከአጠቃላይ ምርጫው ጋር ተመረጡ። የነቀምቴ፣ የጊምቢና የደምቢ ዶሎ ነዋሪ ይህ ዕድል አልደረሰውም። በ2005 ዓ.ም. የ17 ዓመት ልጅ የነበረ የነቀምቴ ነዋሪ በ2018 ዓ.ም. 30 ዓመት ይሞላዋል፤ የከተማውን ምክር ቤት መርጦ ግን አያውቅም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 38 በየትኛውም የመንግሥት እርከን በየጊዜው በሚካሄድ ምርጫ የመምረጥና የመመረጥ መብትን አረጋግጧል። ከተማ አንዱ እርከን ነው።

በዚህ ላይ የቀረበ ክርክር ቢኖር ወደየት ይሄዳል የሚለው ጥያቄም ቀላል አይደለም። የሕገ መንግሥት ትርጉም ሥልጣን የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው፤ ምክር ቤቱም የፖለቲካ ተወካዮች ጉባዔ ነው። ሰኔ 3 ቀን 2012 ዓ.ም. በኮቪድ ወረርሽኝ ምክንያት የፌዴራልና የክልል ምክር ቤቶች ዘመን እንዲቀጥል የወሰነው እርሱ ነበር። ትግራይ ውሳኔውን ሳትቀበል ጳጉሜን 4 ቀን የራሷን ምርጫ አካሄደች፤ ምክር ቤቱም ምርጫው ተፈጻሚነት የሌለው ነው አለ። ከዚያ በኋላ የሆነው ይታወቃል። በሌላው የአገሪቱ ክፍል ደግሞ የከተማ አስተዳደሮች በወንበራቸው ቀጠሉ። የእነርሱ ዘመን ያለፈው ከወረርሽኙ በፊት መሆኑን ያነሣ ብዙ ሰው አልነበረም።

ራሱ በወቅቱ ያልተመረጠ አካል የሌላውን የመምረጥ መብት እንዲያስፈጽም መጠበቅ አስቸጋሪ ነው። ከንቲባው ተጠያቂነቱ ወደ ላይ፣ ለሾመው አካል ብቻ ሲሆን፣ ከላይ ደብዳቤ ያልመጣበት ጉዳይ ሁሉ በጠረጴዛው ላይ ያድራል።

ሌሎች ከተሞች ምን አደረጉ?

ይህ ችግር የወለጋ ብቻ አይደለም፤ መፍትሔውም ሌላ ቦታ ተሞክሯል። በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት የምትገኘው ያኪማ ከተማ የምክር ቤት ምርጫ ሥርዓቷ የላቲኖ ነዋሪዎችን ድምፅ ያዳክማል ተብሎ እ.ኤ.አ. በ2014 ተፈረደባት። ከተማዋ ይግባኝ ብትልም ምርጫው በአዲሱ የወረዳ ክፍፍል በ2015 ተካሄደ፤ ሦስት ላቲኖ ሴቶችም ወደ ምክር ቤቱ ገቡ። ፍርዱ ከተማዋን በስም ስለጠራት ዝምታ አላዋጣትም።

በደቡብ አፍሪካ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2015 የትሎክዌ ከተማን የማሟያ ምርጫዎች ሻረ። ምክንያቱ የመራጮች መዝገብ አድራሻ ስላልነበረው ማን በየትኛው ቀጠና እንደሚኖር ማረጋገጥ አለመቻሉ ነበር። ከዚያ በኋላ የአገሪቱ የምርጫ ኮሚሽን የመራጮችን አድራሻ የመሰብሰብ ከባድ ሥራ ውስጥ ገባ። ይህ ከቀበሌ መዝገብ ጥያቄ ጋር አንድ ነው። በሕንድ ደግሞ ሕገ መንግሥቱ የከተማ ምክር ቤት ዘመን ከአምስት ዓመት እንዳያልፍና ምርጫውም ዘመኑ ሳያበቃ እንዲጠናቀቅ ያዝዛል። የአህመዳባድ ከተማ ምርጫ ሲዘገይ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2006 የወረዳ ክፍፍልን የመሰለ ምክንያት ምርጫን ለማዘግየት እንደማይበቃ አስረግጦ ተናገረ።

የሚነሡ ተቃውሞዎች

የመጀመሪያው ተቃውሞ፣ ምርጫ የምርጫ ቦርድ እንጂ የከተማ ሥራ አይደለም የሚል ነው። እርግጥ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 102 ምርጫን የማካሄድ ሥልጣን ለቦርዱ ሰጥቷል። ነገር ግን ቦርዱ መታወቂያ አይሰጥም፤ ከተማ ውስጥ አዳራሽም ፖሊስም የለውም። ሥልጣኑ የሚቆመው ከተማው በሚሰጠው መሬት ላይ ነው።

ሁለተኛውና ከባዱ ተቃውሞ ጸጥታ ነው። በወለጋ ለዓመታት ግጭት ነበር፤ በ2012 ዓ.ም. ለሳምንታት ስልክና ኢንተርኔት ተቋርጦ እንደነበረም ይታወሳል። ጥይት በሚተኮስበት ቀበሌ ምርጫ አይደረግም የሚለው አባባል እውነት አለው። ሆኖም መዝገብ ማደራጀት፣ ለተፈናቃይ ማረጋገጫ መስጠት፣ ውሳኔን መተርጎምና መለጠፍ ሰላም እስኪሰፍን የሚጠብቁ ሥራዎች አይደሉም። እንዲያውም ሰላም የመጣ ቀን ምርጫ ለማካሄድ የሚቻለው እነዚህ ቀድመው ከተሠሩ ነው። መብቱ ለዓመታት ያለ ቀነ ገደብ የተንጠለጠለበት ሰው በድምፅ መስጫ ወረቀት ላይ ያለው እምነትም ይላላል።

ምን ይደረግ?

ለፌዴራል መሥሪያ ቤቶች፣ ለአዲስ አበባና ለድሬዳዋ አስተዳደሮች የወጣው የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 መሥሪያ ቤት ውሳኔውን ከነምክንያቱ በጽሑፍ እንዲሰጥ ይጠይቃል። የነቀምቴ ነዋሪ በዚህ አዋጅ ሊጠቀም አይችልም። ጨፌ ኦሮሚያ ተመሳሳዩን ግዴታ በከተሞቹ ላይ በግልጽ ሊጥል ይችላል፤ በተለይም የምርጫ መብትን የሚመለከት ውሳኔ የደረሰው የከተማ አስተዳደር በ15 ቀን ውስጥ ምን እንዳደረገ ወይም ለምን እንዳላደረገ በጽሑፍ እንዲያሳውቅ ቢደረግ ዝምታው ይሰበራል። በጽሑፍ የተሰጠ እምቢታ ይግባኝ ይባልበታል፤ ዝምታ ግን ይግባኝ የለውም።

ከዚህ ጎን ለጎን የአካባቢ ምርጫ የሚራዘመው በተወሰነ ጊዜና በተገለጸ ምክንያት ብቻ መሆኑ በሕግ ሊደነገግ ይገባል። ውሳኔዎችም በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ ተተርጉመው በየከተማው ይለጠፉ። የተፈናቃዮች ጊዜያዊ ማረጋገጫም አዋጅ ሳይጠብቅ በከተማ መመሪያ ሊጀመር የሚችል ነው።

ለከፍተኛ ትምህርት ተቋማትም ድርሻ ይቀራል። ወለጋ ዩኒቨርሲቲ በነቀምቴ ይገኛል፤ ተማሪዎቹም የአራቱን የወለጋ ዞኖች ቋንቋና መንገድ ያውቃሉ። ስለ ሕገ መንግሥት ትርጉም የሚጻፉ የመመረቂያ ጽሑፎች በአብዛኛው ከውሳኔው ጽሑፍ አልፈው አይሄዱም። ከተማ በከተማ፣ ቀበሌ በቀበሌ እየዞረ የትኛው ውሳኔ ደረሰ፣ በማን ተፈረመ፣ ምን ተሠራበት የሚለውን የሚመዘግብ ጥናት ቢጀመር ከንቲባውም፣ ቦርዱም፣ ጨፌውም የሚጠቀሙበት ሰነድ ይሆናል። የመጀመሪያው ቅጽ ብዙ ባዶ ሣጥኖች ሊኖሩት ይችላል፤ ባዶዎቹም የጥናቱ ውጤት ናቸው።